የባሏ መኪና ድምፅ

ከሱቅ ዐረቢ ወደ ጀሪፍ በሚሄደው ሚኒባስ፣ በሃፍላው፣ ከፊቴ ያለች አንዲት ሴት አጠገቧ የተቀመጠውን፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ሐበሻ መካኒክ ስለ ባሏ አሮጌ መኪና ትጠይቀዋለች።

«ድልድይ ሲወጣ ቲክ ቲክ ይል ነበር።»

«እሱ ከቤንዚኑ ሊሆን ይችላል። ቆሞስ?»

«አሁን ቆሞም ያንኳኳል። ድምፁ እንደ መዶሻ ወፍሯል።»

«ዘይቱስ?»

«ይጨምርበታል፤ ቶሎ ይጎድላል።»

«እንግዲያው የሞተሩ ብሮንዚና፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ብረት፣ ተበልቷል፣ እህቴ። ኻላስ፣ በቃ፣ እንዳይነዳው። ሞተሩ ተሰብሮ በረሃ ላይ ያስቀረዋል።»

«ልጃችንን ከገዳሪፍ ሊያመጣ ጠዋት ወጥቷል።»

«ደውይና የደረሰበት ላይ ያቁም።»

«እየደወልኩ ነው፤ አያነሳም። የሞተሩን ድምፅ ላለመስማት ሬዲዮ ከፍቶ ነው የሚነዳው፣ ወላሂ።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እኔ አሁንም የስልኳን ጥሪ እያዳመጥኩ ነበር።