ጦጣው ጋ ወራጅ

«ጦጣው ጋ አውርደኝ» አልኩት የባጃጁን ሹፌር። ከጪጩ መጥቶ ዲላ መሥራት ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነው። «ጋሼ፣ እኚህ ጦጣው የሚባሉት ሰውዬ በሕይወት አሉ?» አይለኝም! ሳቄ መጣ። «የእውነት ጦጣ ነው እኮ! ድሮ እዚህ ወፍና እንስሳት የሚታዩበት ትንሽ ግቢ ነበር» አልኩት። «ይናከስ ነበር?» ሲለኝ ግን ሳቄ ጠፋ።

ተማሪ ሳለሁ፣ ጓደኞቼን ላስቅ ብዬ ጠጠር በከረሜላ ወረቀት ጠቅልዬ ለጦጣው ሰጠሁት። ቀስ ብሎ ፈታው። አየኝ። ከዚያ በሽቦው መሃል እጁን አውጥቶ ጠጠሩን መዳፌ ላይ መልሶ አስቀመጠልኝ። ነገ እውነተኛ ከረሜላ አመጣለታለሁ፣ ከነገ ወዲያ አመጣለታለሁ ስል ግቢው ተዘጋ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ቤቴ ለመግባት ስሙን መጥራት አለብኝ።