ዶርካስ ያመነችው ድምፅ

…ወገቤን አልኩሽ እኮ አክስቴ፣ ወገቤን። ጥርሴማ ምን ይሆናል? ቀኑን ሙሉ ግንድ ሲገለብጥ የሚውል ሰው ጥርሱን የሚያምበት ጊዜ የለውም። አሁን ራሱ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ሰጋቱራ ለዶሮዎችሽ ጉዝጓዝ ይበቃል። አዎ፣ ከመሰንጠቂያው ነው የምደውለው። አለቃዬ ሃስኬል የመጋዝ ቀበቶ ሊያመጣ ከተማ ወርዷል። እስኪመለስ ድረስ ቢሮው የኔ፣ ስልኩም የኔ። ወንበሩም የኔ ነበር፣ ግን አልቀመጥበትም። ከተቀመጥኩ ማን ያነሳኛል?

ዶሮዎቹ ግን እንዴት ናቸው? ያቺ አንድ ዓይናዋስ ትጥላለች?… ጎሽ፣ ትኑርልሽ።

እስቲ ትንሽ ጮክ በይ፣ ድምፅሽ ራቀብኝ። አስራ አንድ ቤት በአንድ ሽቦ፣ ሰው ባነሳ ቁጥር ድምፁ እየሳሳ… ያንቺ ጥሪ ሁለት ረጅም አንድ አጭር ነው አይደል? ሁለት ረጅም አንድ አጭር ሲጮህ ሸለቆው በሙሉ እጁን ከሊጥ አውጥቶ ሊያዳምጥ ይሮጣል። ተይ እንጂ፣ አልተናደድኩም። እኔም ቤት ስሆን አነሳለሁ። ካላነሳን ማን እንደታመመ በምን እናውቃለን? የወይዘሪት ኦርፓ ወፍ ስትዘፍን እየሰማሁ ነው። እንዴት ዋልሽ በይልኝ፣ ወፏን።

ሌላም አለ። ቀጭ… ቀጭ… ይሰማሻል? ከረሜላ ጥርስ ላይ ሲንከባለል የሚመስል። አይጥ ይሆን? አይጥ ሽቦ ላይ ይወጣል እንዴ አክስቴ?… ይወጣል፣ ምን ይሳነዋል። ለጉሮሮው የሚጠነቀቅ፣ የተማረ አይጥ ከሆነ።

እሺ፣ አባዬን ጠየቅሽኝ። ወንድምሽ ደህና ነው። ይበላል፣ ያልባል፣ ይተኛል። አይናገርም እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

የምሬን ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው። ለላሟ ያፏጫል፣ ለኔ በማንኪያ ይጠቁመኛል። ትናንት ጨው ፈልጎ፣ ጨው አቀብለኝ ላለማለት ተነስቶ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። በዚያ ጉልበቱ። አርባ ዓመት ሙሉ ፒትኪን ሱቅ፣ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ሲያወራ ሰው የገዛውን ዱቄት ረስቶ ይሄድ አልነበር? ያ ሰውዬ ነው እንግዲህ።

ግን ስለሱ አይደለም የደወልኩት። ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ክቡር ሰው ናቸው፣ ስማቸው በአስራ አንድ ቤት ሲንከራተት ደስ አይላቸውም። ደግሞ እኮ አንቺ ብቻ ነሽ የምትሰሚኝ። እሳቸው የሰው ስልክ አንስተው የሚያዳምጡ ዓይነት አይደሉም… አይደሉም አልኩሽ።

ምን ዓይነት ሰው መሰሉሽ? ከቦስተን ለሳንባቸው አየር ሊቀይሩ መጡ፣ በአንድ ክረምት ከኛ በላይ ገበሬ ሆኑ። እኔ አራተኛ ክፍልን እንኳን አልጨረስኩም፣ እንደዚያ ያለ ጭንቅላት ሳይ እደነግጣለሁ። አንድ ቀን፣ "ድርቆሽ በየትኛው ወር ነው የሚዘራው?" ብለው ጠየቁኝ፣ ያቺን ማስታወሻቸውን ይዘው። በመጋቢት አልኳቸው። ጻፏት። አሁን ኒውዮርክ ሄደው በሸክላ ላይ "እኛ ድርቆሽ ስንዘራ" ሲሉ ከተማው በሙሉ ያምናቸዋል። ጋዜጠኛም እጃቸውን ጨብጦ "እውነተኛ የገበሬ እጅ" ብሎ ጻፈላቸው አሉ። ጓንት አድርገው ነበር።

ሸክላ ላይ ቀልድ ማስቀረጽስ ቀላል ሥራ ነው እንዴ? ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ድምፅ የሚቀዳ አምስት ጡሩንባ ፊታቸው ይደረደራል፣ ከያንዳንዱ ጡሩንባ ጀርባ ብርጭቆ የምታህል ሰም ትዞራለች፣ ቀልዱን ይናገራሉ፣ አምስት ሸክላ ይወጣል። ሰሞቹ ይቀየራሉ፣ ያንኑ ቀልድ እንደገና። በቀን አርባ ጊዜ። አርባ ጊዜ ያንኑ ይናገራሉ፣ አርባ ጊዜ መጨረሻው ላይ ራሳቸው ይስቃሉ። እኔ አንድ ቀልድ ሁለቴ ብናገር ሃስኬል ግንድ ያሸክመኛል። እሳቸው ግን… ባይስቁ ኖሮ መሳቂያው የቱ ጋ እንደሆነ ሰው በምን ያውቃል? ለሰው አሳቢ ናቸው።

ቦት ጫማም ያደርጋሉ። የአባዬን አሮጌውን። ጡሩንባው ፊት ሲቆሙ። "እሱን ካላደረግኩ ድምፄ አይወጣም" ብለው ጠየቁት፣ ሰጣቸው። ጭቃውን ሊጠርግላቸው ሲል፣ "ተወው ሊማን፣ ጭቃው ይኑርበት" አሉት። አየሽ ጥንቃቄ? ማንም የማያየው ጭቃ…

ሸክላው የመጣ ቀን አንቺ ሱቅ አልነበርሽም። ፒትኪን ማጫወቻውን የብስኩት በርሜሉ ላይ አድርጎ ዘወረው። ክቡርነታቸው ምድጃው አጠገብ ቆመዋል፣ አባዬ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ። ቀልዱ እንዲህ ነው፦ አንድ የገጠር ሞኝ አለ። ላሙ ጥጃዋ ይሞትባትና ወተት እምቢ ትላለች። ሞኙ የጥጃ ድምፅ ሸክላ ላይ አስቀርጾ ያሰማታል። ላሟ ማጫወቻውን በርግጫ፣ ሞኙን ፋንድያው ላይ። ሰው ሳቀ። ጥሩ ቀልድ ነው፣ እኔም ልስቅ ነበር።

ነገሩ ሞኙ የሚናገርበት ድምፅ ላይ ነው። ያቺ በወለቀችው የፊት ጥርስ በኩል የምትወጣው ፉጨት… ያቺ "እንግዲህ ወንድሜ" ሳይል ነገር የማይጀምርባት… አንዲት ነገር አልሳቱም። ስጦታ ነው አክስቴ። እኔ አብሬው ሃያ ዓመት ኖሬ እንደዚያ አድርጌ አልሰማሁትም።

አባዬ አልተቆጣም። ወደኔ ዞረና፣ "ዊላርድ፣ እኔ እንዲህ ነው የማወራው?" አለኝ።

የራሱን ድምፅ ሰምቶ አያውቅማ። ማን ሰምቶ ያውቃል? እኔስ ምን ልበለው?… ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ይኸው ሦስት ሳምንት።

አሁን መሰንጠቂያው ውስጥ ሳንቃ የሚያቀብለኝ ሁሉ "እንግዲህ ወንድሜ" ይለኛል፣ እያፏጨ። ፒትኪን ሱቅ የሚገቡት ልጆችም እንደዚያው። እኒያ ክቡር ሰው አገሩን በሙሉ አንድ ቋንቋ አስተማሩት፣ ባለቤቱ ብቻ ተወው።

እውነቱስ ምን ነበር? አልጠየቅሽኝም፣ ግን ልንገርሽ። አባዬ ለአንድ ሰው ቃል ሰጥቷል፣ እንዳይናገር። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅበት ቃሉን ይዞ ቆመ። እኔን ግን ማንም ቃል አላስገባኝም። በረቱ ጥግ ፋንድያ እየዛቅኩ ነበር። ፋንድያ የሚዝቅ ሰው ጆሮ ያለው አይመስላቸውም።

ጥጃው የሞተው አምና ነው፣ የሜፕሉን ዛፍ ውሃ ለስኳር በምናፈላበት ሳምንት። ዶርካስን ታውቂያታለሽ፣ ካኮረፈች አኮረፈች ነው። ወተቷን ያዘች። የሸክላው ሐሳብ የአባዬ ነው፣ አልክድም። ማጫወቻውንና ሦስት ባዶ ሰም ከአንድ ደግ ሰው አገኘን። ከጎረቤት ጥጃ አምጥተን ጡሩንባው ፊት አቆምነው። ጥጃው ጡሩንባውን ላሰው። አንደኛዋ ሰም ሲልስ አለቀች። ሁለተኛዋም ሲልስ። ለሦስተኛዋ ግን ሌላ ጥጃ መጣ።

የማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ጨዋ ጥጃ ነው። ሰደርያ ለብሷል፣ የኪስ ሰዓቱ ሰንሰለት ያብለጨልጫል። ሱሪው እንዳይቆሽሽ የቦስተን ጋዜጣ ገለባው ላይ አነጠፈ፣ በአራት እግሩ ሆነ፣ ጢሙን ጡሩንባው ውስጥ ከተተና… አክስቴ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እምቧታ ሰምቼ አላውቅም። እናቱ የጠፋችበት ልጅ ነው የምትዪው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ። ሰሟ አልቃ እንኳን አላቆመም፤ አባዬ ትከሻውን ነካ አድርጎ ነው ያስቆመው።

ያቺን ሰም ለዶርካስ አሰማናት። አንድ ባልዲ ሙሉ ሰጠች፣ ሁለተኛውን አጋመሰች። ርግጫ የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ገመዷን በጥሳ ያንን ጥጃ እስካረፈበት ቤት በረንዳ ድረስ ተከትላው ሄደች። ደረጃው ላይ አስቁማ ፀጉሩን ላሰችው፣ በስተግራ በኩል፣ አሁን ሳስቶ ያለው ጋ። ጥጃው "ይሄ ነገር ከዚህ እንዳይወጣ" አለ፣ አባዬም "አይወጣም" አለ። በቃ።

እኔ ስለ ሸክላ አላውቅም፣ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ግን በሸክላ ከሰማሁት ሁሉ ከልብ የሆነ የመሰለኝ ያ ብቻ ነው። ዶርካስም ለማንም ፊት የምታደላ ላም አይደለችም።

እና ምን ልልሽ ነው… ቅዳሜ ከሰዓት በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ዝግጅት አለ። ወረቀቱ እዚህ በራችን ላይ ተለጥፏል። እኒያ ክቡር ሰው በአካል ቀርበው "የሞኙንና የላሙን ነገር" ይናገራሉ ይላል፣ በትልልቅ ፊደል። ከዚያ ባቄላና ፓይ። አባዬም አነበበው። ቅዳሜ አጥር ይጠግናል። ባለፈው ሳምንት የጠገነውን አጥር።

እኔ ዝግጅቱ ይቅር አላልኩም። ማን ነኝና? ይናገሩ። ብቻ እንዲያው አሰብኩት… ፒትኪን ማጫወቻውን ያመጣል። እሳቸው ሲጨርሱ ሰው ጨምሩልን ካለ፣ ያቺ ሦስተኛዋ ሰም ቤት አለች። የአባዬ የሱፍ ካልሲ ውስጥ ናት፣ ጭረት የላትም። ለአንድ ጎበዝ ጥጃም ዕድል ቢሰጠው ምን አለበት? የአዳራሹ በር ደግሞ ሰፊ ነው፣ ለዶርካስ አያንሳትም። እኔ እንኳን ባልነዳት ድምፁን ከሰማች አትቀርም። ገብታ ባለድምፁን ትፈልጋለች… ያን ያህል ሰው መሃል ታጣው ይሆን? እኔ እንጃ።

ወይም ደግሞ፣ ሰም ነው። ምድጃ ላይ ከወደቀ ይቀልጣል። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ነገ ከምሳ በፊት ቤታችን ቢሄድ፣ ኩሽና ገብቶ አባዬ ፊት ቢቀመጥና "ሊማን፣ አንተ እንደዚያ አይደለም የምታወራው፣ እኔ ነኝ እንደዚያ ያወራሁት" ቢለው… ቅዳሜም ሌላ ቀልድ ቢፈልግ… ካልሲው ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እኔ ምን አውቃለሁ? ወገቤን ያመኝ ሰው ነኝ።

…ቀጭ ቀጩ ቆመ አይደል? ዋጣት መሰለኝ። ውሃ ይጠጣበት። ድምፅሽ ግን አሁንም ሩቅ ነው፣ ማንም አልዘጋም ማለት ነው። ጎሽ፣ ሽቦው ደህና ነው።

የጋሪ ድምፅ ሰማሁ፣ ሃስኬል ነው። ልዝጋ አክስቴ። እኒያን ክቡር ሰው ካገኘሻቸው መርቂልኝ። እኔ ቤተ ክርስቲያን እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ምርቃት አላውቅበትም፣ ግን ከልቤ ነው። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ሳንባቸውን ያጽናላቸው። አዳራሹ ይሙላላቸው፣ ስማቸው ከኒውዮርክ አልፎ ባሕር ይሻገር። እና ከመሞታቸው በፊት፣ እንዲያው አንዲት ነገር… ትንሽም ትሁን… በራሳቸው ላይ የደረሰች፣ ከማንም ያልወሰዷት… እግዜር ይስጣቸውና፣ ለሚወዳቸው ሰው፣ በገዛ ድምፃቸው ለመንገር ያብቃቸው። አንድ ጊዜ ብቻ።