ዲሹ ከጣሪያ ሲወርድ

የተገናኙት ደረጃ ላይ ነው። እሱ መፍቻዎቹን በትከሻው አንግቶ ሽቅብ ይወጣል፤ እሷ የሥራ ቱታ ለብሳ፣ የቀጭን ገመድ ጥቅል አቅፋ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ሰፈርተኛው «ጋሽ ሰማይ» የሚለው ይህ ሰው ዕድሜውን የጨረሰው የክፍያ ቴሌቪዥን ዲሽ ሲተክል ነው። ዲሹን ከማሰሩ በፊት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ላይ የማየት ልማድ ስላለው ቅጽል ስሙ በዚያው ጸና። ልጅቷ የሟች ወንድሙ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳ የኢንተርኔት መስመር ከሚዘረጋ ድርጅት የተቀጠረችው በቅርቡ ነው።

«አጎቴ! በምን እግርዎ?»

«እላይ የምትኖረው ነርስ ስለ ዲሹ ፈልጌዎት ነበር ብላኝ ነው። አንቺስ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እኔንም የጠሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ጋሽ ሰማይ ነገሩ ወዲያው ገባው። ለጥገና የተጠራ መስሎት ነበር፤ ለካ ሊነቅል ኖሯል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሥራው ሁሉ እንዲህ ሆኗል፤ በገዛ እጁ የተከለውን በገዛ እጁ ማውረድ። የዛሬው ግን ባሰበት፤ የሚተካው የራሱ ሥጋ ነውና።

አብረው ጣሪያው ላይ ሲወጡ የዛጉ ዲሾች ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞረው ቆመዋል። ብሎኑን መፍታት ጀመረ፤ ሆዱ ግን አልቻለም።

«ልጄ፣ አልቆጣሽም። እስቲ ንገሪኝ፤ ይሄ ዲሽ ምን በደለ? ዝናብ ሲመጣ ትንሽ ያኮርፋል እንጂ።»

«ምንም አልበደለም። ጊዜው አለፈበት።»

«ጊዜው ያለፈብዎት እርስዎ ነዎት በይኛ!»

«አፌን ይቁረጠው! ግን አጎቴ፣ አንድ ሎሚ የፈለገ ሰው ገበያውን በሙሉ ካልገዛህ ቢባል እስከ መቼ እሺ ይላል? የሚያየው አንድ ቻናል፣ የሚከፍለው ለመቶ።»

«እናንተስ? ባለፈው እህትሽ ቤት ሄጄ አራት ሰው፣ አራት ስልክ፣ አንድ ቃል የለም! ደህና ዋላችሁ ስል ቀና ያለችልኝ ድመቷ ብቻ ናት። በዲሽ ጊዜ ቤተሰብ አብሮ ይስቃል፣ አብሮ ይጮኻል። በሪሞት ሲጣላ እንኳ አብሮ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «እውነትዎን ነው፤ በዚህ አልከራከርዎትም። እኔ መስመሩን የማገናኘው ሳሎን ካለው ትልቁ ቴሌቪዥን ጋር ነው። አብሮ መቀመጡ የባለቤቶቹ ፈንታ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጋሽ ሰማይ ሞኝ አልነበረም፤ የያዘው ነገር ልጆቹን ያሳደገበት ሙያ ስለሆነ ነው መልቀቁ የጨነቀው። ሰው ለውጥን የሚጠላው ስለማይገባው ብቻ አይደለም፤ ከለውጡ በኋላ የት እንደሚቆም ስለማያውቅ ጭምር ነው።

ዲሹን ተሸክሞ፣ ልጅቷን አስከትሎ ወደ ነርሷ ቤት ወረደ። ነርሷ በሩ ላይ ተቀበለችው።

«ጋሽ ሰማይ፣ እንዳይቀየሙኝ። የእርስዎ ሥራ እንከን አልነበረውም።»

«ታዲያ ለምን አስወረድሽው?»

«አዳር ተረኛ ነኝ እኮ። የምወደው ድራማ ሲጀምር እኔ ማዋለጃ ክፍል ነኝ፤ ቀን ሲደግሙት እንቅልፍ ላይ ነኝ። እስከ ዛሬ መጨረሻውን የምሰማው ከጎረቤት ነው፤ በኢንተርኔት ግን ሲመቸኝ አየዋለሁ አሉኝ። እናቴም ቢሆኑ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ የሚያዩት የሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።»

ጋሽ ሰማይ ሳሎን ወደ ተቀመጡት አሮጊት እናቷ ዞረ። ዲሹን ባስተካከለ ቁጥር ምስጋና ሳይወጣቸው ዝም ብለው ያዩት ስለነበር ኩራተኛ ናቸው ብሎ ደምድሞ ኖሯል። ለካ የሚመሰገን ነገር አልደረሳቸውም!

ልጅቷ መስመሩን አገናኝታ አንድ ቀልድ ከፈተች፤ ንግግሩንም ከሥር በትልልቅ ፊደል እንዲጻፍ አደረገች። አሮጊቷ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ለካ የሚያስቅ ነገር ነው የሚያወሩት!» አሉ።

ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ጋሽ ሰማይ ወደ ልጅቷ ተጠግቶ በለሆሳስ፣ «ይሄን ነገር... ሰው ይማረዋል?» አለ።

«ማን? እርስዎ?»

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ካላሉኝ።»

«ይበሉ! ግድግዳ መብሳት፣ ገመድ መደበቅ፣ መሰላል ላይ አለመፍራት ሁሉ በእጅዎ ያለ ነው። የቀረውን እኛ እናሳይዎታለን። ድርጅቱም ሠልጣኝ ይፈልጋል፤ ነገ አብረን እንሂድ።»

ሄዱ። መጀመሪያ ከልጅ እግር ሠልጣኞች መሐል መቀመጡ አሳፈረው፤ ቆይቶ እነሱም ከፍታ ሲያስፈራቸው እሱን ይጠሩ ጀመር። ሥልጠናውን ሲጨርስ የድሮ ደንበኞቹን ቤት አንድ በአንድ ያንኳኳ ገባ። መስመር ካስገባ በኋላም ሳይመክር አይወጣም።

«ለምታዩት ብቻ ክፈሉ» ይላል። «አንዱን የፊልም አገልግሎት ሳታቋርጡ ሌላ አትጨምሩ፤ አለዚያ ከዲሹ የባሰ ወጪ ነው። እንግዲህ ፊልሙ ይጠብቃችኋል፤ ልጆቹ መጀመሪያ ያጥኑ፣ ተረኛውም ከሥራው ይመለስ፣ ጆሮው የደከመ ያንብብ። ማታ ግን ስልካችሁን አስቀምጡና አንዱን ቴሌቪዥን አብራችሁ እዩ።»

አንድ ቀን ወዳጁ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ በር ላይ አቆመው።

«አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ ከዲሽ የሚበልጥ የለም ብለህ የተከልክልኝ?»

«ነኝ። ያኔ እውነት ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ እውነቱ ቤት ቀይሯል። አድራሻውን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። ከዚያ መቀሱን ኪሱ ከተተና መሰላሉን ሊይዝለት ወጣ።