ሱቅ ሲደርስ የሚጠፋ ብልሽት

አባት እንደሚሉት ልጃቸው ማስተማሯን የተወችው በስንፍና ነው፤ ሐኪም ልቧን በመሣሪያ አይቶ «ምንም የለብሽም» ብሏታል። ልጅቱ እንደምትለው ግን ሁለት ጊዜ ሞታ ተመልሳለች፤ አንዴ አውቶቡስ ውስጥ፣ አንዴ መማሪያ ክፍሉ በር ላይ። ልቧ ደረቷን ሊቀድ ደርሶ፣ እጇ ደንዝዞ፣ አየር አጥሯት። ከዚያ ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። ትምህርት ቤቱም እስከ ሰኞ ካልተመለሰች በቦታዋ ሌላ ሰው እንደሚተካ ጽፎላታል።

አባት ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። አንድ ከሰዓት የእህታቸው ልጅ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ዝናብ አባሮት ሱቃቸው ገባ።

«ልጅቱ እንዴት ናት ጋሼ?»

«ተኝታ የሌለ በሽታ ታስታምማለች።»

ነርሱ ሆዱ ተከፍቶ የተቀመጠውን ሬዲዮ አየ። «ይሄስ ምን ሆነ?»

«ባለቤቱ ቤት ይንኮሻኮሻል፤ እዚህ ሲመጣ እንደ ወፍ ይዘምራል። ሦስተኛ ጊዜው ነው።»

«ታዲያ ሰውየውን ዋሽተሃል አሉት?»

«ምን በወጣኝ። ሰው ለቀልድ ሬዲዮ ተሸክሞ አይመላለስም። መቼ እንደሚጀምረው፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በምን እንደሚብስ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ብልሽት የሚያዘው በጥያቄ ነው።»

«የጭንቀት ሕመምም እንደዚያው ነው። ሐኪም አስቀድሞ ልብንም፣ የእንቅርት ዕጢንም፣ ደምንም ያያል። ያ ግማሹ ነው። ቀሪው ጥያቄ ነው፤ ምን ይሰማሻል? ስንት ጊዜ መጣብሽ? ይመለስብኛል ብለሽ የምትሸሺው ቦታ አለ? እሷን ይህን ማን ጠየቃት?»

«ጭንቀት የሌለበት ማን አለ? እኔስ አልጨነቅም?»

«ይጨነቃሉ፤ ግን ሱቅዎን ይከፍታሉ። ሰውን ከበር መልሶ የሚያስቀር ጭንቀት ሕመም ነው። በምክር ሕክምና፣ ካስፈለገም በመድኃኒት ይሻላል። ሐኪም የሕመሙን ስም ከጻፈላት ደግሞ ትምህርት ቤቱን የሕመም ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች።»

ሽማግሌው መበየጃቸውን አስቀመጡ።

«እናቷም ከግቢ አትወጣም ነበር» አሉ። «የልጇን ምረቃ እንኳ ሳታይ ሞተች። ‹ዘበኛዬ› እያልኩ በሰው ፊት እስቅባት ነበር። እሷም አብራኝ ትስቅ ነበር።»

ሕመም ስም ሲያጣ የባለቤቱ ጠባይ ይባላል፤ ባለቤቱም አምኖ ይቀበለዋል።

ዝናቡ ሳያባራ አባት ሱቁን ቆልፈው ወደ ቤት ሄዱ። ከልጃቸው አልጋ ግርጌ ተቀምጠው፣ ደንበኛ እንደሚጠይቁት ቀስ ብለው ጠየቋት። «መቼ ነው የሚጀምርሽ?»

ልጅቱ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ እስኪመሽ ነገረቻቸው። አንዴም አላቋረጧት።

ስትጨርስ ተነሡ። «ነገ ሱቁ ዝግ ነው» አሉ። «ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ በእግራችን። መንገድ ላይ ከመጣብሽ እስኪያልፍ አብሬሽ እቆማለሁ።»