የኋላው መልሕቅ ሰው

የተከበሩ ፓስተር ሊንድኲስት፣ የኦርቪል ባለቤት ወይዘሮ ቨርና፣ የወንዝ ዳር ጎረቤቶች፣ እናንተም ጉልበታችሁ እያመማችሁ የቆማችሁ የመርከባችን ሰዎች፤ ዛሬ የምንቀብረው ኦርቪል ሃስኬት ያመሰግናችኋል። በሕይወቱ ሳለም ንግግር ለእኔ ነበር የሚተወው።

መርከባችንን ታውቋታላችሁ። እዚሁ ከበቆሎው እርሻ አጠገብ ተሠራች፤ ብረቷን የበየዳችሁም እዚህ አላችሁ። ስም አልነበራትም፣ ቁጥር ብቻ። ሆዷ ጠፍጣፋ ስለነበር በረጋ ባሕር እንኳ እንደ ሰካራም ትወዛወዝ ነበር። የጦር ታንክ ጭና በደረቷ አሸዋው ላይ ትወጣለች፤ የፊት በሯን ትከፍታለች፤ ታንኮቹ ይወርዳሉ። መውጣቱስ እሺ። ማን ይመልሳታል?

ኦርቪል ይመልሳታል። ገና ዳር ሳንደርስ የኋላውን መልሕቅ ይጥላል፤ ወደፊት በሄድን ቁጥር የብረት ገመዱን ይለቃል። ስንጨርስ ያንኑ ገመድ በሞተር እየጠቀለለ ወደ ጥልቁ ይጎትተናል።

እኔ የፊቱ በር ላይ ነበርኩ። እሱ ሲሲሊ ደረሰ፣ ሲሲሊን አላየም። ሳሌርኖ ደረሰ፣ ሳሌርኖን አላየም። ጀርባውን ለጦርነቱ ሰጥቶ ገመዱን ነበር የሚያየው። ሁልጊዜ ታዲያ ይመጣና፣
«ክላይድ፣ እስቲ ንገረኝ። ምን ይመስላል?»
«አሸዋ ነው።»
«አሸዋስ ጫማህም ላይ አለ። ሌላ ንገረኝ።»

ኖርማንዲ ላይ ታንኮቹን አውርደን ቁስለኛ ጫንን። ወለሉ በሙሉ ቃሬዛ ሆነ። ውኃው እየሸሸ ነው፤ ከቀደመን ደረቅ መሬት ላይ መቅረታችን ነው። የመድፍ ጥይቱም እየቀረበ ይወድቃል። ኦርቪል ቢጎትት መርከቢቱ እምቢ አለች። ገመዱ ክር በክር መበጠስ ጀመረ። እንዲህ ያለ ገመድ ሲበጠስ ሰውን ለሁለት ይቆርጣል። መኮንኑ ሁሉም ከዚያ እንዲርቅ አዘዘ። በሩ መዘጋቱን ልናገር ሮጬ ስደርስ ኦርቪል ብቻውን ቆሟል፣ እጁ የገመዱ መጠቅለያ ፍሬን ላይ።
«ና ውጣ እንጂ! አብደሃል?»
«ዝም በል፣ እየሰማኋት ነው።»
«ማንን?»
«ገመዷን። አንተ ወደ በርህ ሂድ።»

ማዕበሉ ሲያነሣን ይጎትታል። ሲያወርደን ይለቃል። ሲያነሣን ይጎትታል። ሲያወርደን ይለቃል። ያን ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ሰው፣ ከመሬት ነቅሎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ከእነዚያ ቁስለኞች አንዱ ሬይመንድ ፔልኪ ይኸው ከዛፉ ሥር ቆሟል፣ ከልጆቹ ጋር።

ኦርቪል እጁን እየጠራረገ መጣ። «ምን ይመስል ነበር?»
«የዛሬውስ ከኋላ ሲያዩት ይበልጣል» አልኩት።

ከጦርነቱ በኋላ መርከቢቱን ቆራርጠው ለብረት ሸጧት። አዘንክ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «ምላጭ አድርገዋት ይሆናል፤ ዛሬ ጢሜን የላጨችኝ እሷ ብትሆንስ?» አለኝ።

እንግዲህ ኦርቪል፣ ዛሬ የኋላ መልሕቅ አልጣልክም። በሰላም ድረስ። ዞር በልና ፊት ለፊት እየው። ስመጣ የምጠይቅህ እኔ ነኝ። አሸዋ ነው ብለህ እንዳታልፈኝ።