ክልክል ሣር ውስጥ የተያዘው ካሜራ

በእኛ ጊዜ ቢራቢሮ ልጅ የሚያባርረው ነገር ነበር እንጂ ማን ፎቶ ያነሣው ነበር! ይህን ያጫወተችኝ ጥሩነሽ ናት፣ እዚሁ ቀሐ ሰፈር ከእኔ ጋር በር ለበር የምትኖረው። ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት፤ ሐሰት ነው የሚል ካለ ሄዶ እሷን ይጠይቅ። እኔ መቼም በሰው ጉዳይ አልገባም፤ ግን በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው፣ ዓይኔን ልጨፍን?

ልጇ ህይወት ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ሸጋ ልጅ ናት፣ ሳትሳለም አታልፍም። ሥራዋ ግን ቢራቢሮ ነው። ቢራቢሮ! «ምነው ልጄ፣ ያን ሁሉ ተምረሽ ተምረሽ ቢራቢሮ?» ብያታለሁ፤ ሳቀችብኝና አለፈች። እና አምና መስከረም ላይ አንዲት ትንሽ ቢራቢሮ ፈለገች። ክንፏን ስትገጥም አመድ ነው የምትመስለው፣ ስትከፍተው ሰማያዊ ናት አሉ። ደጋው ላይ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ከሚበቅልበት ሜዳ በቀር አትገኝም። የእሷ ፎቶ ካልመጣ የህይወት ጥናት ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ነው፤ ሣሩ ደግሞ በመስቀል ማግስት ይታጨዳል፣ አበባውም አብሮ ይሄዳል። ካሜራውን ከመሥሪያ ቤቷ ፈርማ ነው የወሰደችው።

ሜዳው የት ያለ ይመስላችኋል? ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ ጥሩነሽ ከተወለደችበት አገር! ጥሩነሽ ደግሞ እዚያ ከረገጠች ስድስት ዓመቷ ነበር። ለእናቷ ተዝካር ስላልደረሰች ታላቅ ወንድሟ አያ ደሴ «ከእንግዲህ እህት የለችኝም» ብሎ ቆርጧት ነበር። እሷ መንገድ ተዘግቶብኝ ነው ትላለች፤ እሱ ደግሞ ሌላው ሰው በየት መጣ ይላል። እኔ አልነበርኩም፣ አልፈርድም። ታዲያ ልጄን ብቻዋን አልሰድም ብላ አብራት ሄደች።

ያ ሜዳ ክልክል ነው። ክረምቱን ሙሉ ከብት አይገባበት፣ ሰው አይረግጠው፤ ሣሩ ሲደርስ አገሩ ሁሉ ወጥቶ በአንድ ቀን ያጭደዋል። የገባ ከብት ይያዛል፣ ባለቤቱ ዋስ ጠርቶ ያስፈታዋል። ጥሩነሽ ይህን አሳምራ ታውቃለች፣ እዚያው አይደለም ያደገችው? ግን «እኛ እኮ ከብት አይደለንም» አለችና ልጇን አስገባቻት። ስሕተቷ ይኸው ነው።

ህይወት በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገባች። ቢራቢሮ ክንፉ እርጥብ እያለ አይበርም፤ ፀሐይ እስኪያሞቀው ይጠብቃል፣ ያኔ ነው ማንሣት። እና በደረቷ ተኝታ ካሜራዋን ስታስተካክል ከላይዋ ዱላ ቆመ።

«ማነሽ አንቺ? ውጪ ከሣሩ!»

«አያ ደሴ፣ እኔ ነኝ። ህይወት፣ የጥሩነሽ ልጅ።»

«የማንም ሁኚ። በሬ ቢገባ በሬውን እይዝ ነበር። አንቺን አላስር፤ ይኸን አምጪው።»

ሜዳውን የሚጠብቀው እሱ ራሱ ነው ለካ! ጥሩነሽ እየሮጠች ደረሰች።

«አያ ደሴ! የእህትህን ልጅ?»

«ዋስ አምጡ። እዚህ አገር የሚያውቃችሁ ሰው አለ?»

«አንተ አታውቀንም?»

«እኔ ጠባቂ ነኝ።»

አያችሁ ክፋቱን! ካሜራውን ወስዶ በረት ውስጥ፣ ሣር ስትበላ ከተያዘች አህያ ጎን፣ ከማሰሪያው ግንድ ላይ ሰቀለው። ህይወት «ዝናብ ይገባበታል! የመንግሥት ዕቃ ነው!» ብላ አለቀሰች። እሱ የበግ ቆዳ ደበሎውን አውልቆ አለበሰው። ካሜራው ደበሎ ለብሶ ከአህያ ጋር አደረ።

ጥሩነሽ ሰው ፊት ዋስ ሁኑኝ ብዬ አልቆምም አለች፣ አፍራ ነዋ! ዋስ የሌለው ሰው ደግሞ ሦስት ቀን ሣሩን ይጠብቃል፣ ከዚያ የተያዘበት ይመለስለታል። እና ይህች በታክሲ ካልሆነ ገበያ የማትወርድ ሴት ዱላ ይዛ ጠባቂ ሆነች። ህይወት ባዶ እጇን ዳር ዳሩን እየዞረች ቢራቢሮ ታያለች። ቢጫውን አየች፣ ነጩን አየች፤ ሰማያዊዋ ግን የለችም።

በሦስተኛው ጧት አያ ደሴ መጥቶ ቆመ። ጥሩነሽን አላያትም፤ ልጅቷን ነው ያናገረው።

«ምንድን ነው እንዲህ የምትፈልጊው?»

«ሰማያዊ ቢራቢሮ። ትንሽ ናት፣ ስትቀመጥ አመድ የምትመስል።»

«ያቺን? የምታድርበትን አላውቅም? በየቀኑ አይደል የማያት!» አለና ጋቢውን ሰብስቦ ዘው! ሣሩ ውስጥ ገባ፣ እስከ ጉልበቱ። «ነይ፣ ከዚች አስታ ሥር ናት፣ ቀስ በይ...»

«ቁም!» አለች ጥሩነሽ። «አያ ደሴ፣ ቁም! ሣር ረግጠሃል።»

ደርቆ ቀረ። እግሩን አየ፣ ሣሩን አየ። እሷ ተራምዳ ጋቢውን ከትከሻው ሳበችው።

«ይዤዋለሁ። ዋስ አምጣ።»

«ጥሩነሽ...»

«ጥሩነሽን የት ታውቃታለህ? እኔ ጠባቂ ነኝ። ዋስ አለህ ወይስ የለህም?»

ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ከተማ ገብተዋል። ብርዱ ደግሞ የደጋ ብርድ ነው፣ ጋቢው እሷ እጅ ላይ ነው።

«ካንቺ ሌላ ማን አለኝ እዚህ?» አለ።

ይህን ስትነግረኝ ጥሩነሽ አለቀሰች፤ እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ጋቢውን መልሳ አለበሰችውና «እንግዲያ ዋስህ እኔ ነኝ፤ አንተም ዋሴ ሁንና የልጄን ካሜራ አምጣ» አለችው። እየሮጠ ሄደ አሉ፣ በዚያ ዕድሜው! ፀሐይዋ ሣሩ ላይ ሳትደርስ ተመለሰ። ሁለቱም ዳር ቆመው «ክንፏን ከፈተች! ከፈተች!» እያሉ ልጅቷ አነሣች። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ሰማያዊ ነው፣ እንደ ተልባ አበባ።

ከዚያ ወዲያ አህያዋን ባለቤቷ ዋስ ጠርቶ ወሰዳት። ሣሩ በመስቀል ማግስት ታጨደ። ካሜራው ማንገቻው በአህያ ታኝኮ ለመሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። የህይወት ጥናት ተሟላላት። አያ ደሴ አሁንም ጠባቂ ነው። ጥሩነሽ የእናታቸውን የሰባት ዓመት ተዝካር ከወንድሟ ጋር ልታወጣ ማክሰኞ ወደ አገሯ ሄዳለች፤ የቤቷ ቁልፍ እኔ ጋ ነው።