ጨርቅ ቤት የተገኘው ጨው

ኪኪኪ... ቆዩኝ፣ ሳቄን ልጨርስ! ዋናው ገና ነው የሚመጣው። እኔ አርብ ገበያ ጨው ቸርቻሪ ነኝ። ረቡዕ ዕለት አንዲት የማላውቃት ሴት መጣችና የቀሩኝን ሁለት ጆንያዎች ጠቅልላ ገዛች። ደስ ብሎኝ መርቄ ሸኘኋት። ሐሙስ ምን ብሰማ ጥሩ ነው? ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ጨው የጫነው መኪና ከወንዝ ማዶ ቆሟል! ነገ ገበያ ነው፤ ያ ሁሉ ገበሬ በእግሩ መጥቶ ባዶ መደብ ሊያይብኝ ነው። ከተማውን ዞርሁት፤ ጨው የለም። በኋላ አንዱ ተሸካሚ "ሐጂ ቤት ሁለት ጆንያ አይቻለሁ" አለኝ። ሐጂ እኮ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጨርቅ እንጂ ጨው ሸጠው አያውቁም!

በሩጫ ገባሁ። በቀይ ክር የሰፋሁት የራሴ ጆንያ ከአቡጀዲው ሥር ተጋድሟል! "ሐጂ! በእኔ ጨው ሊከብሩ ነው?" ብዬ ጮኽሁባቸው። እሳቸው ሳቁ። "መንገዱ መቆረጡን ረቡዕ የጨው መኪናው ሾፌር ደውሎ ነገረኝ፤ የእኔንም ጨርቅ የሚያመጣው እሱ ነው። አንቺ ለመጣው ሁሉ ሸጠሽ ለገበያ ቀን ባዶሽን ልትቀሪ ነው ብዬ ሰው ልኬ አስገዛሁት። በገዛሁበት ውሰጅው።"

"ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?"

"ብነግርሽማ ዋጋ ልትጨምሪ!"

እውነታቸውን እኮ ነው! አፍሬም ስቄም ትከሻቸውን ሳምኋቸው። ጆንያውን አስይዤ ልወጣ ስል ጠሩኝ፦

"አንቺ ሴት፣ መጀመሪያ ለእኔ አንድ ኪሎ መዝኝልኝ! ያንቺ አደራ ነው ብዬ ስላልነካሁት፣ እኛ ቤት ከትናንት ጀምሮ ወጥ ያለ ጨው ነው የሚበላው።"